ብራና ፋቂው ያደሳት ጀልባ

ባለፈው ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ወጣቶች መጥተው ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ይዘውኝ ወረዱ። በሰው ሠራሹ ሐይቅ ላይ ዓሣ እያጠመዱ የሚተዳደሩ ልጆች ናቸው። ወሩ ዓሣው የሚራባበት ስለሆነ መረባቸውን ሰቅለዋል፤ በዚህ የዕረፍት ጊዜም አሮጌ ጀልባቸውን ከውኃ አውጥተው፣ በድንጋይ ላይ ደፍተው፣ በገዛ እጃቸው ያድሷታል። ሥራችንን ይባርኩልን ብለው ነው የለመኑኝ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት በበቅሎ አደረሱኝ። ጸሎቱን አድርሼ፣ ጠበሉን ረጭቼ ስጨርስ ከአንድ ግራር ሥር ባነጠፉልኝ ቁርበት ላይ ተቀመጥኩ።

አለቃቸው ብርሃኑ የሚባል ረዥም ልጅ ነው። የሚጨምሩላትን ሁሉ አንድ በአንድ አሳየኝ፤ እዚህ ጋ ጥላ፣ እዚያ ጋ ለበረዶ የሚሆን ሳጥን፣ ከኋላ ደግሞ ስልክ የሚሞላ ሶላር። አንዱ ጓደኛው ቀለም እየበጠበጠ፣ «ፍራሽም ሊያስገባባት ነው አባ፤ ሚስቱ ካባረረችው ሁለት ቀኑ ነው» አለ። ብርሃኑ እኔን አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ዓይኔ ወደ ውኃው ሄደ። የድሮው መሻገሪያ በየት በኩል እንደ ነበር ጠየቅሁት። እጁን ዘርግቶ የሐይቁን መካከል አመለከተኝ።

«መሻገሪያውማ ከሥር ነው አባ። እኛ በላዩ መረብ እንጥልበታለን።»

ውኃው እንደ ተወጠረ ሐር ለጥ ብሏል፤ ድምፅ የለውም። ያን ወንዝ ሲያገሣ የሰማ ጆሮ ይህን ጸጥታ ለማመን ይቸገራል። ከኋላዬ የመዶሻው ድምፅ ይሰማኛል፣ ከፊቴ ውኃው ዝም ብሏል፤ በዚህ መካከል ሆኜ ሌላ አሮጌ ጀልባ፣ ሌላ የዕድሳት በጋ ትዝ አለኝ። ሰባኛ ዓመቴን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም።

ያን ጊዜ ዲያቆን ነበርኩ፤ ዐሥራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ወላጆቻችን በልጅነታችን ስላረፉብን፣ እኔንና ታላቅ እህቴን ዝማምን ያሳደገን የእናታችን ወንድም አያ ሲሳይ ነው። አያ ሲሳይ ብራና ፋቂ ነበር። የፍየሉን ቆዳ በውኃ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ወጥሮ፣ ፍቆና አድርቆ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃን የሚያሳልፍ ገጽ ያደርገዋል። በአካባቢያችን ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ከሚነበቡት መጻሕፍት ብዙዎቹ በእርሱ እጅ ያለፉ ቆዳዎች ናቸው። ሰውነቱ ደቃቃ፣ ንግግሩ ጥቂት ነው። ሲቆጣ አማርኛውን ትቶ በኽምጥኛ ስለሚናገር፣ በቤታችን አማርኛ እስከተሰማ ድረስ ሰላም ነው ማለት ነበር።

ዝማም ከተከዜ ማዶ ለሚኖር ካሳዬ ለሚባል ገበሬ ተድራለች። በበጋ ማዶ ማለት ቅርብ ነው፤ ውኃው ከጉልበት አያልፍም፤ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ የገበያ ዕቃቸውን በራሳቸው ይዘው ይሻገሩታል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ግን ማዶ ሌላ አገር ነው። ተከዜ የላስታንም የዋግንም አፈር ጠራርጎ፣ ቀልቶ፣ ዛፉን ከነሥሩ ነቅሎ ይወርዳል። ቅል ታቅፈው የሚዋኙት ጎበዞች እንኳ ያን ጊዜ ዳር ቆመው ያዩታል እንጂ አይነኩትም። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ በወዲህኛው ወገን ነው። ክረምት ከገባ በማዶ ላሉት መንደሮች ካህን አይደርስላቸውም።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን በሰኔ ማለቂያ ወለደች፤ ወንድ ነበር። በሥርዓታችን ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ልጁ በሠላሳ አንደኛ ቀኑ ትኩሳት ይዞት በአንድ ቀን አረፈ። የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይሞላ መጠመቅ ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን አጥማቂው ወዲህ ነበር፣ ሕፃኑ ወዲያ፣ ወንዙ በመካከል። በመስከረም ውኃው ጎድሎ ስንሻገር ያገኘነው፣ ከቤቱ ጓሮ ከዋንዛ ሥር ካሳዬ የደረደራትን ጥቂት ድንጋይ ነው። ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ከቤተ ክርስቲያን አጸድም አላረፈም። እህቴ በፊታችን አላለቀሰችም።

«ስም የለውም» አለችን። «ሳስበው በምን ልጥራው?»

ስንመለስ አያ ሲሳይ በመንገዱ ሁሉ በለስ እየላጥኩ ሳቀብለው እየተቀበለ ሳይበላው ይይዘው ነበር፤ ዳገቱን ወጥተን ስንጨርስ ሦስት አራት በለስ በእጁ ውስጥ ጨፍልቆ ጭማቂው እስከ ክንዱ ወርዶ አየሁ።

ስለ ጀልባዋ ልናገር። ከዚህ ቀደም ብሎ ውኃውን የሚለካ አንድ ፈረንጅ ሁለት በጋ እኛ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ሰንበት ሰንበት ከሥራው ሲያርፍ፣ በሰው ሸክም ባስወረዳት የእንጨት ጀልባ ጥልቅ ወደ ሆነው ኩሬ ይገባና በዘንግ ዓሣ ያጠምዳል። የሚያጠምደው ለጨዋታ ነው፤ ይይዛል፣ ገልብጦ ያየዋል፣ መልሶ ይለቀዋል። ሰዉ ይህን አይቶ ሊገባው አልቻለም፤ በመጨረሻ ጾመኛ ነው ብለው ተስማሙ። የደብራችን ቄስና የእኔም መምህር የነበሩት መምሬ አድማሱ ግን ነገሩን ለስብከት አደረጉት፤ እናንተ ያልያዛችሁትን ትመኛላችሁ፣ እርሱ የያዘውን ይተዋል ብለው ወቀሱን። ፈረንጁ ሲሄድ ሞተሯን ነቅሎ ወሰደ፤ ጀልባዋን ግን ማር ያቀርብለት ለነበረው ለአያ ሲሳይ ተወለት። አያ ሲሳይም አመስግኖ ተቀበለና ደፍቶ የጥጆች መጠለያ አደረጋት። ለዓመታት የጠቀመችን በዚሁ ነበር።

እህቴ ልጇን ካጣች በኋላ በነበረው ሁለተኛ ዓመት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ዝማም እንደ ገና ማርገዟን ሰማን። አያ ሲሳይ በጣቱ ቆጠረ፤ ሐምሌ ላይ ሲደርስ ጣቱን እንደ ያዘ ቆመ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣ፤ ጥጆቹን አስወጣ፤ እኔን በአንድ ወገን አስይዞ ጀልባዋን ገለበጣት።

ዘጠኝ ክንድ ያህል ትረዝማለች። ቀለሟ ተልጧል፣ ጎኖቿ ተሰነጣጥቀዋል፣ አጥንቶቿን ምስጥ በልቷቸዋል። በስተኋላዋ ዓሣ አጥማጁ ይቀመጥበት የነበረ የሚሽከረከር ወንበር፣ በሁለቱ ጎኖቿ ደግሞ ዘንጉን የሚያቆምባቸው የብረት ቱቦዎች አሉ። ከእኛ መካከል ጀልባ ሠርቶ የሚያውቅ ቀርቶ፣ ከዚያች በቀር ሌላ ጀልባ ያየ ሰው አልነበረም። አያ ሲሳይ ግን ለሦስት ቀን ዙሪያዋን እየዞረ ሲዳስሳት ቆይቶ፣ ይህች ደረቷ የተከፈተ በግ ናት፣ ከውስጥ አጥንት ከውጭ ቆዳ እንሰጣታለን አለኝ።

መጀመሪያ ወንበሩን ፈታነው። ለመምሬ ወሰድንላቸውና ከሚያስተምሩበት ዛፍ ሥር ተከሉት። ተቀምጠው ዜማ ሊያወጡ ቀኝ እጃቸውን ሲያነሡ ወንበሩ ዞሮ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አደረገው፤ ተማሪው ሁሉ ነጠላውን ጎረሰ። እርሳቸው ግን ወደዱት፤ የሰነፉን ተማሪ ፊት በያለበት ያሳየኛል አሉ። ቱቦዎቹንም ልናወጣ ታግለን ነበር፤ ብሎናቸው ዝጎ እንቢ ስላለን ተውናቸው። ከዚያ የተበላውን አጥንት እያወጣን በወይራ ተካነው፤ ወይራውን በእሳት አሙቆ ማጉበጥን ያስተማረን ማንም የለም፤ ስንሰብር ስንሰብር ተማርነው። ስንጥቆቹን በተወቀጠ ቃጫ ደፈንን። መቅዘፊያውን ከዋንዛ ጠረብኩ። ጠዋት ትምህርቴን፣ ከቀትር በኋላ ጀልባዋን ስል፣ ሁዳዴ በሶ እየበጠበጥን እንዴት እንዳለፈ አላወቅሁም።

የቀረው ቆዳው ነበር። በሁዳዴ በሬ ስለማይታረድ እስከ ፋሲካ ጠበቅን። ፋሲካ ሲውል የሁለት በሬ ቆዳ አገኘን፤ ያን ጊዜ አያ ሲሳይ ወደሚያውቀው ሥራ ገባ። ጠጉሩን ላጨ፣ ሞራውን ፋቀ፣ በጅማት ሰፋው፤ እርጥቡን በጀልባዋ ላይ አልብሶ ዳርና ዳሩን ጠፈረው። በግንቦት ፀሐይ ሲደርቅ ተወጠረ፣ ነጣ፣ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ድምፅ ሰጠ። እንዲህ ያለ ውብ ነገር በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። ሰው ከአምደወርቅ ገበያ ሲመለስ መንገዱን እያጠመመ ሊያያት ይመጣ ነበር። አንዱ ቀልደኛ ጎረቤታችን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሲዞራት ቆየና፣ «አያ ሲሳይ፣ ጽሕፈቱ መቼ ይጀመራል?» አለው። አያ ሲሳይ በኽምጥኛ መለሰለት።

ሰኔ ሲገባ፣ ወንዙ ገና ሳይሞላ፣ ዝማም ልትጠይቀን መጣች። ሆዷ ገፍቷል፤ ፊቷ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም መልሷል። በዚያው ሳምንት ጀልባዋን ተሸክመን ወርደን ፈረንጁ ያጠምድበት በነበረው ኩሬ ላይ አኖርናት። ተንሳፈፈች። አያ ሲሳይ ገባባት፤ እኔም ተከተልሁት። አቡነ ዘበሰማያትን ጥቂት ጊዜ ደግሜ ሳልጨርስ ከሥራችን ያ ከበሮ የነበረው ቆዳ ሲለሰልስ፣ ሲረግብ፣ ከስፌቱ እንደ ጡት ውኃ ሲያፈስ ተሰማኝ። እስከ ወገባችን ሰጥመን በእግራችን ወጣን። ዳር የቆመው ሰው መሳቅ ፈልጎ ሳለ የአያ ሲሳይን ፊት አይቶ ተወው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ብራናን ከውኃ ስጠብቅ ኖሬ» አለ፣ ከወገቡ በታች ጭቃ እንደ ሆነ፣ «እኔው በእጄ ወስጄ ወንዝ ውስጥ ከተትሁት።»

እውነቱን ነበር። የሚያውቀው ቆዳን ማድረቅ ነው፤ እጁ ሌላ አልለመደም። ሊቅነቱ ነበር ያሳሳተው። የሳቀችው እህቴ ብቻ ናት፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አያ፣ የውኃ እርኮት ተሸክመው አያውቁም?» አለችው። «ቆዳ ቅባት ካልጠጣ ውኃ ይጠጣል። ይህን ማንም ውኃ ቀጂ ሴት ትነግርዎ ነበር።»

አምስት ወር ሙሉ ማንንም ውኃ ቀጂ ሴት አልጠየቅንም ነበር።

ዝማም ስምንት ቀን ተቀመጠች። ቆዳውን እንደ ገና ወጥረን አደረቅነው፤ እርሷ ሰምና ሞራ በጋን አቅልጣ፣ ትኩሱን በጨርቅ እየነከረች፣ ከሥሩ ፍም እያስያዘችን፣ ቆዳው እስኪጠግብ አጠጣችው። ጀርባዋን ሲያማት ትቆማለች፤ ደግሞ ትጎነበሳለች። ያ ነጭ ቆዳ ጠቆረ፤ ውበቱ ሁሉ ጠፋ፤ የጭቃ መልክ ያዘ። ሁለተኛ ኩሬው ላይ ስናኖራት ከቀትር እስከ ምሽት ተቀመጠች፤ ውስጧን በመዳፌ ብዳስሰው ደረቅ ነበር።

እዚሁ እንድትወልድ ለመንናት። እናት በሌለበት ቤት ሁለተኛ ልጅ የሚወለደው በባል ቤት ነው ስትል ቀለደች፤ ዋናው ምክንያቷ ግን ከአልጋ ያልተነሣች አማቷ ነበረች። ካሳዬ እርሻ ሲውል አሮጊቷን የሚያገላብጣት ሌላ ሰው የለም። «እርሷን ጥዬ ብመጣ፣ እግዚአብሔር ይህንንስ ልጅ በምን ፊት ይሰጠኛል?» አለችን። ወንዙ ከመሙላቱ አስቀድሞ በበቅሎ ተሻገረች። ዳር ቆመን ስናያት፣ ወደ ኋላ ዞራ፣ ጀልባዋን ጥላ ሥር አድርጓት ብላ ጮኸች፤ ሌላ የተናገረችው አልነበረም።

ሐምሌ ገባ፤ ተከዜም ሞላ። የወሊዱን ወሬ የሚያቀብሉን ከማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ሆነው በእልልታ ነው፤ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ሸለቆው በዚያ ቦታ ስለሚጠብብ ድምፅ ያደርሳል። አንድ ቀን ጠዋት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አያ ሲሳይ እጁን አንሥቶ አራተኛውን ጠበቀ። አልመጣም።

ሴት ናት። ለእርሷ ሥርዓቱ ሰማንያ ቀን ነው፤ ሰማንያ ቀን ደግሞ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ውኃው ሲጎድል ይሞላል። የመጀመሪያው ወንድ ስለ ነበር እኛ አርባን ብቻ ስንቆጥር ከርመናል፤ ስለ ሰማንያ ያሰበ ከመካከላችን አንድ አልነበረም፣ እኔ ሥርዓቱን የምማረው እንኳ። ቀልደኛው ጎረቤታችን ጀልባዋን ለጥጆቹ መልሱላቸው እያለ ተሳለቀ። አያ ሲሳይ ደስታውንም ኀፍረቱንም አንድ ላይ ይዞ ሲቀመጥ መምሬ አድማሱ አገኙትና፣ እግዚአብሔር አርባ ቀን ጨምሮ ሰጥቶህ ታዝናለህን ብለው ገሠጹት።

ሃያ ቀን ያህል አለፈ። በወሩ የአማኑኤል ቀን ቅዳሴ ወጥተን፣ ገና አጸዱ ውስጥ ሳለን፣ ከማዶው ቋጥኝ የካሳዬ ድምፅ መጣ። እልልታ አልነበረም። ከወንዙ ጩኸት ጋር እየታገለ ሦስት ጊዜ ከተናገረ በኋላ ነው የለየነው፤ ልጂቱ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ይዟታል፣ ጡት አልያዘችም።

አያ ሲሳይ ወደ ጀልባዋ ሄደ። እኔ መምሬን አየኋቸው። በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ የቆላ ሙቀት የሚያማቸው፣ ውኃ ሲያዩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ነበሩ፤ በበጋ እንኳ ተከዜን የሚሻገሩት ሁለት ሰው ደግፏቸው ነው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሊጠይቃቸውም የደፈረ አልነበረም። ወደ መቅደሱ ገብተው ሜሮኑን በደረታቸው ይዘው፣ መስቀላቸውን ጨብጠው ወጡ።

«መምሬ፣ ወንዙን አይተውታል?» አላቸው አንድ ሽማግሌ።

«አላየሁትም፤ አላይምም» አሉ። «ያቺን ሕፃን ግን ነገ የሚጠይቀኝ አለ። ለእርሱ ውኃ ፈራሁ ብዬ እመልስለታለሁን? ዲያቆን፣ ቅደም።»

ወንዙ ዳር ደረስን። ከዳር እስከ ዳር የሚንቀሳቀስ ቀይ ምድር ነበር። አንድ ሾላ ከነቅጠሉ፣ ቆሞ እንደሚሄድ ሰው፣ በመካከሉ አለፈ። ድምፁ የሚሰማው በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው። አያ ሲሳይ ከዋናተኞቹ የተማረውን ብቻ ነገረን፤ ወንዝን ፊት ለፊት አይገጥሙትም፣ ከላይ ገብተው እያስታመሙ ከታች ይወጡበታል። ስለዚህ ጀልባዋን ሽቅብ ወስደን ገባን። እኔና አያ ሲሳይ ከወለሉ ተንበርክከን፣ አንገታችንን ደፍተን እንቀዝፋለን። መምሬን እንዲቀመጡ ለመንናቸው። ሜሮን ይዤ በእግር ሥር አልንበረከክም አሉ፤ ያ ሊወጣልን ያልቻለውን የብረት ቱቦ በግራ እጃቸው ይዘው፣ መስቀሉን በቀኛቸው አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ።

የሆነውን ሁሉ ልናገር አልችልም። ውኃው አነሣን፤ ዳሩ ሸሸ፤ ጀልባዋ እንደ ሕያው ነገር ከሥሬ ተላወሰች፤ በቆዳው ላይ የወንዙን ጡንቻ በጉልበቴ ዳሰስሁት። ከመካከሉ ስንደርስ ግን ያልጠበቅሁት ሆነ። ጩኸቱ ቀረ። ከውኃው ጋር እኩል እየሄድን ስለ ነበር ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም፤ ለጥቂት ቅጽበት ዓለም ሁሉ ዝም አለ፣ የሚሰማው የመምሬ የጸሎት ድምፅ ብቻ ሆነ። እንደ ቤተ መቅደስ ነበር። ሞት በሁለት ጣት እንጨትና ቆዳ ማዶ እንዳለ አውቃለሁ፤ ፍርሃት ግን ፈልጌ አጣሁት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቀድሻለሁ፤ ያን ያህል እግዚአብሔር ቅርብ ሆኖ የተሰማኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ካሳዬ የወረወርንለትን ገመድ ይዞ ውኃ ውስጥ ገብቶ ተቀበለን። እህቴ ከአፋፉ ላይ ልጂቱን ታቅፋ ቆማ ነበር፤ ከአራስ ቤት ወጥታ እንዴት እንደ ወረደች አላውቅም። የሕፃኗ ፊት እንደ ጧፍ ገርጥቷል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። መምሬ ወደ ቤት እስኪወጡ አልጠበቁም። ውኃ አምጡ አሉ። ካሳዬ ወደ ምንጩ ሊሮጥ ሲነሣ አስቆሙት።

«ከዚሁ ቅዳ» አሉት። «ሲከለክል የኖረው እርሱ ነው፤ ዛሬ እርሱ ያጥምቃት።»

ካሳዬ በቅል ቀዳ፤ ቀይ ነበር። መምሬ ጸለዩበት፣ ባረኩት። አንዲት ጎረቤት ክርስትና እናት ሆና ተቀበለቻት፤ እኔ በተሰጠኝ ቦታ የዲያቆኑን መለስሁ፤ ያ ጭቃ ውኃ በሦስት ጊዜ በላይዋ ፈሰሰ። ሜሮን ቀቧት፣ ማተብ አሰሩላት፤ ቁርባኑን ውኃው ሲጎድል አምጥታችኋት ትቀበላለች አሉ። ስሟንም ከቀኑ ወስደው ወለተ አማኑኤል አሏት። እህቴ ስሙን ሦስት ጊዜ በሹክሹክታ ደገመችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ልጇ ያላለቀሰችውን ልቅሶ አለቀሰች።

ሦስት ቀን ሰነበትን። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ በሦስተኛው ጡት ያዘች። ስንመለስ ወንዙ ቀለል ብሎ ነበር፤ መምሬን በጀርባችን አዝለን ወዲህኛው ዳር ላይ እንዳወረድናቸው አንድ ግንድ መጥቶ የጀልባዋን ጎን መታት። ገመዱ በአያ ሲሳይ እጅ ነበር። ሳበ፣ ሳበ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ለቀቀው። ዞራ፣ ተገልብጣ፣ ከእጥፋቱ ጀርባ ጠፋች። የመጣችበትን ጨረሰች አለና ዳገቱን ተያያዘው። ስድስት ወር የለፋንባት ጀልባ ያገለገለችው አንድ ጊዜ ሄዳ አንድ ጊዜ ለመመለስ ብቻ ነው።

ከወጣቶቹ ዘንድ በተመለስኩ በማግስቱ እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ዝማም አሁን ሰቆጣ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ አእምሮዋ ግን እንደ ጥቅምት ሰማይ ነው። ወለተ አማኑኤል፣ እርሷም ያያቶች ወግ የደረሳት፣ የጾም ሽሮ አቀረበችልንና ወደ ሥራዋ ወጣች። ለእህቴ ሐይቁን፣ ልጆቹንና ጀልባቸውን አወራኋት። ከዚያ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኋት፤ ያን ቀን ከአፋፉ ላይ ሆና ጀልባችንን ስታያት ምን እንዳለች።

«ጀልባ አላየሁም፣ ወንድምዬ» አለችኝ። «ሰም ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ እንዳለች አውቃለሁ። ግን አላየኋትም። እናንተንም አላየኋችሁም። ያየሁት መምሬን ብቻ ነው፤ ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ በውኃው ላይ ቆመው ሲመጡ። ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት አሸዋውን ሲረግጡ ነው።»

መጀመሪያ ትንሽ ከፋኝ፤ ሽማግሌም ይከፋዋል። ያ ወይራ፣ ያ ጅማት፣ የተላጠው መዳፌ ሁሉ በባለጉዳይዋ ዓይን አልገባም። እየቆየ ግን ሰውነቴን ሌላ ነገር ወረረው። ቆዳው ያን ቀን ከጭቃው አልለይ ብሎ፣ እኛም አንገታችንን ደፍተን ነበር፤ ለአንዲት ተስፋ ለቆረጠች እናት ከሩቅ የታያት በባሕር ላይ የሚሄድ ምሕረት ነበር። ይህን ያቀድነው እኛ አይደለንም። አያ ሲሳይ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው፤ በሕይወት ቢኖር ሄጄ እነግረው ነበር፤ እርሱ አይከፋውም፣ ብራና ፋቂ ነዋ። ቅዳሴ ቆመን ስናነብ፣ ቃሉን እንጂ ቆዳውን ያየነው መቼ ነው?